ሁለቱ ግልባጮች

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ጂንካ

ጎርፉ የቆረጠው የስልክና የኢንተርኔት መስመር ከሳምንታት በኋላ ዛሬ ተጠገነ። የመሥሪያ ቤታችን መረጃ አንዱ ግልባጭ እዚህ እኔ ጋ፣ ሌላው አርባ ምንጭ ባለቤቴ ጋ ነው የሚቀመጠው። መስመሩ መቆራረጥ ሲጀምር ደውሎ፣ «አንቺም ምንም አዲስ መረጃ እንዳታስገቢ፣ እኔም አላስገባም፤ እኩል ላይ እንቁም» ብሎኝ ነበር። እዚህ «ኧረ ይቺን ብቻ አስገቢልኝ» ያላለኝ ሰው የለም። ግትር ይበሉኝ እንጂ አንዲት ፊደል አላስገባሁም።

ዛሬ ሁለቱን ስናመሳክር የነጥብ ልዩነት እንኳ አጣንባቸው። ባለቤቴ ደስ ብሎት ስልኩን እሱ ጋ ላለችው ልጃችን ሰጣት።

«እማዬ፣ ከጂንካ መቼ ነው የምትመጪው?» አለችኝ።

ከጎርፉ በፊት «ጂ» ማለት አቅቷት «ዲንካ» ነበር የምትለው። እሷን ማን «እኩል ላይ እንቁም» ብሏት! «ዲንካ» የምትለዋ ልጄ አሁን ያለችው እኔ ጋ ብቻ ነው።