ዓይኔን አይተው ለኩላሊቴ የደረሱ ሐኪም

ለምወድሽ ታላቅ እኅቴ ለወይንሸት፣

ከአባባ፣ ከእማማ፣ ከወንድማችን ከመስፍንና ከእኔ ከታናሽሽ ከትዕግሥት እንደ ቆላችን ፀሐይ የሞቀ ሰላምታ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? የኩዌት ሙቀት ከሸዋ ሮቢትም ይብሳል ይባላል፤ እንዴት ቻልሽው? እኛ፣ አሁንስ አፌን ሞልቼ እላለሁ፣ ሁላችንም ደኅና ነን። ተመስገን!

በስልክ ስትጠይቂ እማማ «ትዕግሥት ትምህርት ቤት ናት» ስትልሽ የከረመችው እንዳትደነግጪ ብላ ነው። እኔ እዚያው ጓዳ ነጠላ ተከናንቤ ተኝቼ ነበር። ዛሬ ግን ዓይኔ በርቶ ራሴ እየጻፍኩልሽ ነው! ደስታው እጄን እያቻኮለው ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ።

ነገሩ የጀመረው በጥር ነው። አተኮሰኝ፣ ምግብ አስጠላኝ፣ ልብሴ ሁሉ ሰፋኝ። መቼም አገራችን ነውና ወባ ነው ብለን ተመረመርኩ፤ ደሜ ነጻ ነው ተባለ። በመጋቢት ደግሞ ሁለቱም ዓይኖቼ ደም መሰሉ። ብርሃን ይወጋኛል፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ጉም ይሆንብኛል። ጎረቤቱ አቧራ ነው፣ ምች ነው አለ። ጠብታ ሳደርግ ይሻለኛል፣ ስተወው ይብስብኛል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ መታወሬ ነው ብዬ አለቀስኩ።

መስፍን ባጃጁን ለጓደኛው ለሙሳ ትቶ እኔንና እማማን ደብረ ብርሃን ወሰደን። ዶክተር ሰብለ የሚባሉ የዓይን ሐኪም አገጬን መሣሪያ ላይ አስደግፈው ብዙ አዩኝና «ዓይኗ ከውስጥ ተቆጥቷል» አሉ። ከዚያ ወደ እማማ ዞረው «ከዓይኗ በፊት ምን አሟት ነበር?» ብለው ጠየቁ። እማማም ትኩሳቱን፣ መክሳቴን፣ ውሃ ውሃ ማለቴን፣ ሽንት ማመላለሱን ዘረዘረች። «እንግዲያው ሽንቷንና ደሟን እንመርምር» ሲሉ እማማ «ኧረ ዶክተር፣ ልጄ የታመመችው ዓይኗን ነው!» አለች። እኔም ሳቄ መጣ።

ውጤቱ ሲመጣ ግን ሳቄ ጠፋ። ኩላሊቴ ጎኔን ሳያመኝ ሥራው እያቃተው ኖሯል! አዲስ አበባ ልከውኝ የኩላሊት ሐኪም በመርፌ ቅንጣት ናሙና ወስዶ አረጋገጠ፤ ኩላሊቴም እንደ ዓይኔ ተቆጥቷል። እምብዛም የማይገጥም በሽታ ነው አሉ፤ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ሁለቱንም ያጠቃል። ዶክተር ሰብለ «ኩላሊትሽ ዝም ሲል ዓይንሽ ጮኸልሽ» አሉኝ።

ኪኒንና ጠብታ ታዘዘልኝ። መድኃኒቱ ፊቴን ድፎ ዳቦ አስመሰለው፤ ይምሰል! ትናንት ደብረ ብርሃን ለክትትል ስንሄድ ኩላሊቴ ወደ ደኅናው መመለሱን ደሜ አሳየ። ግድግዳው ላይ ያሉትን ምልክቶች እስከ መጨረሻዋ ትንሿ መስመር ለየኋቸው። እማማ እዚያው ምርመራ ክፍል እልል አለች! ዓይኔ ሊያገረሽ ስለሚችል ገና እመላለሳለሁ፤ ፈተናውን ግን ከጓደኞቼ ጋር እቀመጣለሁ።

ማታ ስንመለስ አባባ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ጠበቀን። አገላብጦ ሳመኝ። ለካ ለማንም ሳይናገር ዓይኗ ከበራ ብሎ ለገብርኤል ጥላ ተስሎልኝ ኖሯል! ለሐምሌው ንግሥ ጥላውን ይዤ የምገባው እኔ ራሴ ነኝ። ቀለሙን አንቺ ምረጪልኝ።

እማማ ጉንጭሽን ትስማለች። አባባ ይመርቅሻል። መስፍን ናፍቀሽኛል ይልሻል። አብራሽ ለምትሠራው ለእቴነሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

እኅትሽ ትዕግሥት ደምሴ
ሸዋ ሮቢት፣ ሰኔ ፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.