አቶ ተፈራ ያልረገጡት የማሾ ማሳ

የአቶ ተፈራ ገብረጻድቅን የሕይወት ታሪክ የተማረ ሰው ይጻፈው ተብሎ ትናንት ሰው ሲፈለግ ዋለ። የተማሩት የሟችን የትውልድ ዓመት እንኳ አያውቁም። የሚያውቁት የሟች ታላቅ እህት ወይዘሮ ጌጤ ናቸው፤ ፊደል አልቆጠሩምና የጠየቃቸው የለም። ስለዚህ እሳቸው ተናግረው የሟች ልጅ ትዕግሥት ጽፋለች፤ ቃል እንዳትቀንስም ተነግሯታል።

አቶ ተፈራ ከአባታቸው ከአቶ ገብረጻድቅ ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ በ1951 ዓ.ም. በሸዋ ሮቢት አቅራቢያ ተወለዱ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል። በ1977 ዓ.ም. ከወይዘሮ በለጥሻቸው ጋር ተጋብተው አራት ልጆች ወልደዋል። የጠፋች ጊደር በኮቴዋ ተከትለው ከካራቆሬ የመለሱ ከብት አዋቂ ነበሩ። ሰው ሲጣላም ለሽምግልና ቀድመው የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ።

በ2015 ዓ.ም. ኤርሚያስ የሚባል ተመራማሪ የከብት ግጦሽ አጠናለሁ ብሎ መጥቶ በላማቸው በቦራ አንገት የምትሄድበትን የሚመዘግብ መከታተያ አሰረ። ወይዘሮ ጌጤ ያን ዕቃ ከመጀመሪያው አልወደዱትም፤ ላም አንገት ላይ ተቀምጦ ወሬ የሚያቀብል ነገር ለማን እንደሚያቀብል ማን ያውቃል ብለው ነበር። አቶ ተፈራ ግን ሰው አማኝ ነበሩና ፈቀዱ።

በ2016 ዓ.ም. መስከረም የጎረቤታቸው የአቶ አደም ማሾ በከብት ተበላ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ኤርሚያስም ኮምፒውተሩን ከፍቶ ቦራ የሄደችበት ነው ያለውን ቀይ መስመር አሳየ፤ መስመሩ ማሳውን መሃል ለመሃል ይሰነጥቃል። አቶ ተፈራ በገደሉ ሥር ዞረን ነው ውሃ የወረድነው ቢሉ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ "ጋሼ ተፈራ፣ ላሚቱ ስትመሰክር እርስዎ ይክዳሉ?" አላቸው፤ ሰው ሳቀ። ወይዘሮ ጌጤ እንጨት ለቀማ ወጥተው ከብቶቹን በገደሉ ሥር በዓይናቸው አይተዋል። የእህት ምስክርነት አይያዝም ተባሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ አቶ ተፈራን ለሽምግልና የጠራቸው የለም።

በ2017 ዓ.ም. ግንቦት በኩላሊት ሕመም ሲተኙ ኤርሚያስ ሊጠይቃቸው መጣ። ወይዘሮ ጌጤ አላመኑትምና ከአልጋው ራስጌ አልተነሱም። ኤርሚያስ ያን ጊዜ እውነቱን አወጣው፦ መከታተያው ላሚቱ ያለችበትን የሚልከው በየአራት ሰዓቱ አንድ ጊዜ ነው፤ ገደል ሥር ስትገባ ደግሞ ጭራሽ ዝም ይላል። በመካከል ያለውን መንገድ ፕሮግራሙ በግምት ይሞላል፤ ግምቱ ምን ያህል ሊስት እንደሚችልም አብሮ ያወጣል። በመስመሩ ግራና ቀኝ ያለው ያ የስህተት ስፋት ማሳውንም ገደሉንም ይዞ ነበር። እሱ ግን ለሽማግሌ መስመሩን ብቻ አሳየ። ካርታው እንዳይዝረከረክ ብሎ ነው አሉ! ይቅርታ ጠይቆ፣ በሰው ፊት እናገራለሁ ብሎ ሄደ። አቶ ተፈራ ስምንት ወር ጠበቁት።

ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አረፉ። ባለቤታቸውን፣ አራት ልጆቻቸውን፣ ዘጠኝ የልጅ ልጆቻቸውንና ታላቅ እህታቸውን ትተዋል። የሰውን መንገድ ሳይገምት የሚያይ ጌታ ነፍሳቸውን ከአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን።

ኤርሚያስ ለቀብሩ እመጣለሁ ብሎ ደውሏል። ከመጣ፣ ይህ ተነቦ እንዳለቀ፣ ሬሳው ሳይነሳ፣ በአልጋው አጠገብ የተናገረውን ለአቶ አደምና ለሽማግሌዎቹ ይድገመው። የመጣው ለማልቀስ ብቻ ከሆነ፣ አልቃሽ አላጣንም፤ ይቁምና ይናገር።