ከበሩ ተነሥታ የመጸዳጃ ቤት ጎረቤት ስለሆነችው ጠረጴዛዬ

የካቫ ሽያጭ መዝገብ፤ ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14። እስከ ረፋዱ የተሸጠ፦ ወፍራም ሥር አራት እስር፣ ቀጭን ሥር ሁለት እስር። ባለፈው ማክሰኞ በዚሁ ሰዓት፣ በሩ ላይ ሳለሁ፦ ሠላሳ አንድ እስር።

ለተከበሩ አቶ ኢሊኤሳ ኮሮይቩኪ
የዋይኩላ ገበያ አስተዳዳሪ

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከቢሮዎ የማይለየው ማራገቢያም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን የካቫ ሥር የምሸጠው ሴሩዋያ ቱቩኪ ነኝ። ዕድሜዬ ሃያ አራት ነው። ግራ እጄና ግራ እግሬ ከተወለድሁ ጀምሮ አይታዘዙኝም፣ ዓይኔ ከጥላ በቀር አይለይም፣ ንግግሬም ዝግ ይላል። ይህን የምዘረዝረው እንዲያዝኑልኝ ሳይሆን፣ ስለ እኔ በተናገሩ ቁጥር አንዱን ስለሚረሱብኝ ነው። ሁሉም የእኔ ናቸው፤ አንዱም እንዲቀነስብኝ አልፈቅድም።

ለዋሉልኝ ውለታ በተራ ላመስግን።

1. ስለ አካል ጉዳተኞች ድጋፍ ቅጹ አመሰግናለሁ። «የጉዳት ዓይነት፤ አንድ ብቻ ይምረጡ» ይላል። ሦስቱም ይሞሉልኝ ብል ጸሐፊዎ «እህቴ፣ አንዱን ያዢና ተገላገይ፤ ሲበዛ ኮምፒውተሩ እምቢ ይላል» አለችኝ። ኮምፒውተሩ ያልቻለውን እኔ ሃያ አራት ዓመት ችዬዋለሁና፣ ድጋፍ የሚያስፈልገው ከሁለታችን የትኛው እንደሆነ ቢሮዎ ቢያጣራ ደስ ይለኛል።

2. ባለፈው ረቡዕ፣ እኔን መጠየቅ ሳያስፈልግዎ፣ ጠረጴዛዬን ከዋናው በር አስነሥተው «የጀግኖች ማዕዘን» ተብሎ በተጻፈበት የመጸዳጃ ቤት ግድግዳ ሥር ስላስቀመጡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአውቶቡስ የወረደ ሰው የሙቀጫዬን ድምፅ ሰምቶ ይመጣልኝ ነበር። ለቅሶ የሚደርስም፣ ሽማግሌ ፊት የሚቀርብም ካቫ ሳይዝ አይሄድምና ሲቸኩል ከበሩ ገዝቶ ይሮጣል እንጂ ውስጥ ገብቶ ነጋዴ አያስስም። አሁን የሚጎበኘኝ ሆዱን የታመመ ብቻ ነው፤ እሱም ቆሞ ዋጋ የሚጠይቅበት ፋታ የለውም። በሩ ላይ የእህትዎ ልጅ የስልክ መሸፈኛ ዘርግቷል። የእህት ልጅ የወደደውን ከአጎቱ ቢወስድ የማይከለከልበት የአባቶቻችን ልማድ እንዳለ አውቃለሁ። ግን ልማዱ የሚያዘው ከአጎቱ እንዲወስድ ነው፤ እኔ ደግሞ አጎቱ አይደለሁም።

3. ስለ ይቅርታዎ። አቤቱታ ባስገባሁ በሁለተኛው ቀን መልእክተኛ ልከውልኛል። በእኛ አገር ጥፋቱን ያመነ ሰው ያልተፈጨ የካቫ ሥር ይዞ፣ መሬት ተቀምጦ እንደሚያስረክብ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃንም ያውቃል። የእርስዎ ሰው ግን ቆሞ፣ በላስቲክ የታሰረ የካቫ ዱቄት አቀበለኝ። በጣቴ ቆንጥሬ ቀመስሁት፤ ሲሶው የስንዴ ዱቄት ነው። «አታይም ብላችሁ ነው?» ብዬ ብጠይቀው «ኧረ ከልብ የመጣ ነው!» አለኝ። በዚያ ያልፍ የነበረው ሸርጣን ሻጩ ዋይሳኬ፣ የእሱ ደሴትና የእኔ ደሴት ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በነጻ እንድንሰዳደብ የተፈቀደልን ነንና፣ «አንቺ አንካሳ፣ እርሾ ጨምሪበት፤ ይቅርታው ይነፋልሽ ይሆናል!» ብሎ ጮኸ። እኔም «አንተ መላጣ፣ ምጣዱ አናትህ ነው፤ ና ጎንበስ በል!» አልሁት። የዋይሳኬ ስድብ ከእርስዎ ሐዘኔታ በብዙ ይበልጥብኛል፤ እሱ የሚሰድበኝ መልስ እንደማላጣ አውቆ ነው።

በመጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከሰቀሉት ፎቶዬ በታች «ጉዳቷ ሳይበግራት» ብለው አጽፈዋል። ጉዳቴ መቼ ሊበግረኝ ሞክሮ ያውቃል? ሥራዬን ያሰናከለው ጠረጴዛ ያስነሣው እጅ ነው። ሥሩን ዳስሼ ደረጃውን የምለየው ተአምር ስለሆንሁ ሳይሆን ዘጠኝ ዓመት ስለሠራሁበት ነው። በዚህ እጅ፣ በዚህ እግር፣ በዚህ ዓይንና በዚህ ምላስ እኮራለሁ። ኩራቴ ደግሞ ቦታው በሩ ላይ ነው።

ከወገቤ በላይ በአክብሮት ጎንበስ ብዬ፣ ከወገቤ በታች ግን ንቅንቅ ሳልል፣

ሴሩዋያ ቱቩኪ
(ቃሉ የእኔ፣ የእጅ ጽሑፉ የእህቴ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ደብዳቤ በአራቱም የአውቶቡስ ማቆሚያዎች ተለጥፏል። ማንበብ ከከበደዎ አይፈሩ፣ ማንም ጀግና ብሎ ግድግዳ ላይ አይጽፍዎትም።

ለመዝገቡ፣ የነገ ሥራ፦ ገበያው ሳይከፈት ሁለት ተሸካሚ ይዞ ጠረጴዛውን ወደ በሩ መመለስ።