ከፋዩን አይቼ ዝም ያልኩ ሰሞን

ጥር 6
ስፖንጅ ስቆርጥ ዋልኩ። አፍንጫዬ ውስጥ፣ ቅንድቤ ላይ፣ ኪሴ ውስጥ ሳይቀር ቢጫ ብናኝ። አለቃዬ ዛሬም "እጅህ ወርቅ ነው" አለኝ። ወርቅ ከሆነ ለምን እሱ ጣት ላይ ነው የሚያብረቀርቀው? … ተወው።

ስወጣ በማዕዘኗ ክፍል በኩል አለፍኩ። እንደተቆለፈች ናት። ሰፊ መስኮት፣ ሁለት በር፣ ፊት ለፊቷ የአውቶቡስ ማቆሚያ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስመኛት። የራሴን የሶፋ ሥራ የምከፍተው እዚያ ነው፣ አለቀ። ግን ንግድ ፈቃድ ቢሮ ስሄድ "መጀመሪያ የኪራይ ውል አምጣ" ይሉኛል። አከራይዋ ሴትዮ ጋ ስሄድ ደግሞ "መጀመሪያ ፈቃድህን አሳየኝ" ትላለች። እንግዲህ ምን ይደረግ?

እራት ላይ ይህንኑ አወራሁ። ሚስቴ ሳቀች። ታናሽ ወንድሟም ነበር። እኔው ወርክሾፕ አስገብቼ ስድስት ዓመት ያስተማርኩት፣ አሁንም አጠገቤ የሚሠራ። እሱ አልሳቀም።
"ታዲያ እንዴት ነው የሚፈታው ጋሼ?"
"አይፈታም" አልኩት።

ጥር 13
ዛሬም ስፖንጅ። የሚስቴ ወንድም ሥራ አልገባም። ጥርሱን አሞት ነው አሉ።

ጥር 20
ጥርሱን አላመመውም።

የማዕዘኗ ክፍል ተከፍታ አየኋት። ውስጥ ሰው መሰላል ላይ ቆሞ ቀለም ይቀባል። ጠጋ ብዬ ሳይ … እሱ! "ጋሼ! እቤት መጥቼ ልነግርዎት ስል ቀደሙኝ" ይለኛል። ቀደሙኝ! ማን ነው የቀደመው?

እንዴት እንዳደረገው ጠየቅኩት። "ሴትዮዋን ራሳቸውን ይዤ ቢሮ ሄድኩ። ውሉን እዚያው መስኮቱ ፊት ፈረሙልኝ።" ስንት ጊዜ ፈጀ? ግማሽ ቀን።

ግማሽ ቀን! እኔ ሦስት ዓመት። ሴትዮዋን "ይነሱ፣ አብረን እንሂድ" ማለት እንዴት አልታየኝም? ወይስ … ታይቶኝ ፈራሁ?

"የተዉዋት መስሎኝ ነው ጋሼ። ከፈለጉ እኮ አብረን እንሠራለን።" ከማን ጋር? መዶሻ እንዴት እንደሚያዝ ካሳየሁት ልጅ ጋር? "ይቅናህ" ብዬው ወጣሁ። ቀድሞ የወጣን ጆሮ በኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው ማለት ይኼ ነው። ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት፣ ማንም አያነበው።

ጥር 21
በታችኛው መንገድ ዞሬ ሥራ ሄድኩ። ሃያ ደቂቃ ይጨምራል። ይጨምር።

ጥር 30
ሱቁን ከፈተ። አልሄድም ብል ሚስቴ ጎትታ ወሰደችኝ። ከበሩ በላይ ስሙ ከነአያቱ ተጽፏል፣ በሰማያዊ ላይ ነጭ። አያቱን ማን ጠየቀው? አማቴ የሶፋውን ክንድ እየዳበሰች "እሰይ ልጄ፣ እሰይ ልጄ" ስትል ቆየችና ወደ እኔ ዞረች። "አንተስ መቼ ነው?" አማት ናት፣ ምን ይባላል? "ይደርሳል እማማ" አልኩ። ጥርሴን ነክሼ ነው ያወጣሁት።

ባለሱቁ (ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ደብተር ላይ መጠሪያው ይኸው ነው) ብርጭቆውን አንስቶ "ምቀኛ አታሳጣኝ!" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

የካቲት 4
አዲሱ ሆቴል አሥራ ስድስት ባለመደገፊያ ወንበር አዘዘው። በአረንጓዴ ከፋይ ጨርቅ። ሱቁን ከከፈተ ገና ሳምንት እንኳ አልሞላው! ሚስቴ ስትነግረኝ "ጎሽ፣ ጎሽ" አልኩ። አሥራ አምስት ዓመት ስሠራ "ይኼ የማን እጅ ነው?" ብሎ የጠየቀ አንድ ደንበኛ የለም። ሁሉም የአለቃዬን እጅ ጨብጦ ነው የሚሄደው።

የካቲት 8
ባለሱቁ መታወቂያውን እኛ ቤት ረስቶ ሚስቴ "አድርስለት" አለችኝ። ሄድኩ።

የመቀመጫዎቹ ጨርቅ በእንጨቱ ላይ ተመትቶ አልቋል። የቀረው መደገፊያው ነው። ከፋዩን ትልቁ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ በጠመኔ አስምሮ ጨርሷል። መቁረጥ ነገ ጠዋት። አንድ ጊዜ ሳየው ገባኝ። ጨርቅ ለመቆጠብ ብሎ መደገፊያዎቹን ገልብጦ ነው ያሰመራቸው።

ከፋይ ጸጉር አለው። በአንድ በኩል ስትዳብሰው ይተኛል፣ በሌላው በኩል ይቆማል። መቀመጫውን ወዲህ መደገፊያውን ወዲያ ከቆረጥከው ያው አንዱ ጨርቅ ሁለት ቀለም ይሆናል። መቀመጫው ፈዛዛ፣ መደገፊያው ጠቆር ያለ። ሆቴሉ አይረከበውም።

እንዴት ይህን አያውቅም? … እንዴት እንደማያውቅ እኔ አውቃለሁ። ስፌቱን፣ ስፖንጁን፣ ሚስማሩን አሳየሁት። ከፋይ ልቆርጥ ስል ግን "ሂድ፣ ክር ገዝተህ ና" እለው ነበር። እኔንም ያስተማረኝ ሰው እንደዚያው ነበር የሚልከኝ። በእኛ ሙያ የመጨረሻዋን ነገር ማንም አይሰጥም። እኔ ክሩን ትቼ በበሩ ስንጥቅ እያየሁ ሰረቅኳት። ይኼ ልጅ ግን የታዘዘውን የሚያደርግ ነው። ክሩን ሊገዛ ይሄድ ነበር።

"እንዴት ነው ጋሼ? እስቲ ይዩልኝ።"
በመዳፌ ዳበስኩት። ወዲህ፣ ወዲያ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።
"እጅህ ይባረክ" አልኩት።

የካቲት 9
ጠዋት ሥራ ላይ ቆሜ አንድ ነገር ብቻ … አሁን መቀሱን አንስቷል? አሁንስ? ስንተኛው ላይ ደረሰ? ከዚያ ደግሞ ሌላ ሐሳብ። ከከሰረ ክፍሏን ይለቃል። ክፍሏን ከለቀቀ …

ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ? እኔው ነኝ።

ምሳ ሰዓት አላስቻለኝም፣ ሮጥኩ። ደረስኩ። አሥራ ስድስቱም ተቆርጠዋል። አንዱን ወንበር ላይ አልብሶት፣ አሥር እርምጃ ርቆ ቆሞ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያያል። "ጋሼ፣ ብርሃኑ ነው? ወይስ ዓይኔ ነው?"
"ብርሃኑ አይደለም" አልኩት። ነገርኩት። የጸጉሩን ነገር።
ሰምቶኝ ወንበሩ አጠገብ ሄዶ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ፦ "ትናንት ሲዳብሱት … አይተውት ነበር?"
"አዎ።"
"አይተውት ነው እጅህ ይባረክ ያሉኝ?"
"አዎ።"
ቢጮህ ምን ነበረበት? ቢሰድበኝ? "ይውጡልኝ" አለኝ። በትሕትና።

የካቲት 10
ሚስቴ ሰምታለች። ምግቡን አቅርባ ወደ ጓዳ ገባች። ተከተልኳት።
"ወንድሜ ስለሆነ እንዳይመስልህ የተናደድኩት" አለች ሳትዞር። "አንተ ስለሆንክ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ምቀኛ ነው ብዬ አልፈው ነበር።"
አልበላሁም። እሷም "ብላ" አላለችኝም።

የካቲት 11
በማለዳ በሩ ላይ ቆምኩ። የሚስማር መንቀያ ይዣለሁ። ሲከፍት አየኝ፣ አለፈኝ፣ ገባ። ተከትዬው ገባሁ። አላስወጣኝም።

"መደገፊያው አናቱ ጠባብ ነው፣ አይገለበጥም። መቀመጫው ግን አራት ማዕዘን ነው፣ ይዞራል" አልኩት። "የመቀመጫዎቹን ሚስማር ነቅለን ጸጉሩን ወደ ኋላ እናዙረው። ከመደገፊያው ጋር አንድ ይሆናል። እንዲያውም ቀለሙ ይጠግባል።"
አንዱን ወንበር አንስቶ ፊቴ አስቀመጠ።

የአንዱ መቀመጫ ሚስማር ወደ ስልሳ ነው። ከፋዩ እንዳይተረተር አንድ በአንድ። እስኪመሽ አምስት ወንበር። ከሰዓት በኋላ መዳፉን ያዝኩና ጨርቁ ላይ አስኬድኩት። "ይኼ ይተኛል። ይኼ ይቆማል። ሁልጊዜ መቀስ ሳታነሳ በፊት።" እጁን ከእጄ አወጣና "ስድስት ዓመት" አለ። ቀኑን ሙሉ የተናገረው ይህንኑ ብቻ ነው።

የካቲት 12
ማምሻውን አለቃዬ ደወለ። "ወይ እዚህ ወይ እዚያ!" አለ። ሰባት ወንበር ይቀራል አልኩት። "እንግዲያው እዚያው ቅር" ብሎ ዘጋብኝ። አሥራ አምስት ዓመት በአንድ ስልክ።

የካቲት 14
ሆቴሉ ወንበሮቹን ወሰደ። ሰውየው "ምን ዓይነት አረንጓዴ ነው ባካችሁ!" እያለ። ባለሱቁን አቅፎ ሳመው። እኔን ጫኝ መስዬው "ያን ጫፍ ያዝ" አለኝ። ያዝኩ። ይህን ሁሉ አጥፍቼም ገና ይቆጨኛል … እኔ ነኝ እኮ ያዳንኩት! አይ፣ ይቅር። ያቃጠለ ሰው እሳቱን አጠፋሁ ብሎ ይመሰገናል?

የካቲት 23
ሥራ የለም። አልጋ ላይ መዋል እንዲህ ያደክማል? ሚስቴ እያናገረችኝ ነው፤ ስለ ጨውና ስለ ውኃ ብቻ።

መጋቢት 2
ከሰፈሩ ልብስ እጥበት ቤት ጀርባ አንድ ክፍል አለች። የሽንኩርት መጋዘን ነበረች፣ ሽታው አልለቀቃትም። መስኮት የላትም። ማንም ሰው መንገድ ካልሳተ አይደርስባትም። የምትከራየዋ እሷ ብቻ ናት።

የእጥበቱ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው። "ፈቃድህን ካላየሁ አልፈርምም" አሉ። ልወጣ ዞሬ ነበር። ከዚያ ተመለስኩ። "ይነሱ፣ አብረን እንሂድ" አልኳቸው። ተነሱ! ኮቴን ስጠኝ ብቻ ነው ያሉት። ባለሱቁ እንዳደረገው አደረግኩ። መኮረጅ ነውር ከሆነ ኮረጅኩ።

ቢሮው መስኮት ፊት ውሉ ተፈረመ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሴት ሰሞኑን የወጣ አዲስ ቅጽ ሰጠችኝ። ከዚያው ሙያ ፈቃድ ያለው ሰው ሞልቶ፣ በፖስታ አሽጎ ይመስክርልህ አለች። በሰፈሩ ፈቃድ ያላቸው ሶፋ ሠሪዎች ሁለት ናቸው። አንዱ አለቃዬ።

መጋቢት 3
አለቃዬ ቅጹን ሳያነበው መለሰልኝ። "አስመስክር አሉህ? ሥራ ጥሎ መሄድ ይችላል ብዬ ልመስክርልህ?"

መጋቢት 5
ሁለት ቀን ዞርኩ። በላይኛው መንገድ ሄጄ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ተመለስኩ። ሦስት ጊዜ። በአራተኛው ገባሁ።

ባለሱቁ ደንበኛ ይዟል። ቆሜ ጠበቅኩ፣ እንደማንም ሰው። ሲጨርስ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። "ካልፈለግህ አትሙላው" አልኩ። "የሚገባኝን አውቃለሁ።" ቅጹን ወስዶ ጀርባውን ሰጠኝ። ሲጽፍ እስክሪብቶው ሁለት ጊዜ ቆመ። አሽጎ ሰጠኝ። ዓይኔን አላየም። ፖስታው ስስ ነው፣ ብርሃን ላይ ብይዘው ይነበባል። አልያዝኩትም … አንድ ጊዜ ብቻ ይዤው ነበር፣ አልተነበበም።

መጋቢት 9
ቢሮው። የመስኮቷ ሴት ፖስታውን ቀደደች። እያነበበች ቅንድቧ ተነሳ። አበቃልኝ አልኩ።
"ምን ይላል?"
"የሙያ ችሎታ፦ ከእሳቸው የሚበልጥ አላውቅም።"
"እሺ …"
"ታማኝነት፦" ብላ ቆመች። "አጥፍተውብኛል። ግን ማንም ሳይጠራቸው ራሳቸው መጥተው ነገሩኝ።" ቀና ብላ አየችኝ። "ይኼ እኮ አዎ ወይም አይደለም የሚባልበት ቦታ ነው። የቱን ልሙላ?"
"እኔ እንጃ" አልኳት።
እንደገና አነበበችው። "አዎ ነው" ብላ ማህተሙን መታች።

ፈቃዱ ኪሴ ውስጥ ነው። ነገ ክፍሏን በሳሙና አጥባለሁ። ደስ ብሎኛል፤ ሚስቴም "እሰይ" ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ግን መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ሲከነክነኝ መጣ። እሱ እኔን እንደዚያ አድርጎኝ፣ ቅጹ እኔ እጅ ላይ ቢወድቅ … ምን ነበር የምጽፈው? ምን እንደምጽፍማ አውቃለሁ።

ቀናሁበት። አሁንስ በማዕዘኗ ክፍል አይደለም፣ በሆቴሉም አይደለም። በዚህም ቀደመኝ።