ባዶ ወረቀት ላይ የታተመ ጣት

ለእታለሜ አልታዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ወገብሽን የሚቆርጥሽ ሕመም ተወሽ ወይ? ሙቀቱስ? አሠሪዎችሽ ለመስቀል አሳረፉሽ ወይስ ስትሠሪ ዋልሽ? እኛ አለን። ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍልሽ ግን እጄ እንቢ አለኝ። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ በደወልሽ ቁጥር አባባ አጠገቤ ስለሚሆኑ ነው። አሁን የሻለም ወደ ጅዳ ልትመለስ ነውና በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ።

ነገሩ የጨፌው ነው፤ በበጋ የሰፈሩ ከብት ሁሉ የሚተርፍበት የወል ሣራችን። የካቲት ላይ የቀበሌው ሹሞች ስብሰባ ጠሩና የተማረ ነው ብለው ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ጠሩኝ። ከተመረቅሁ ጀምሮ ሥራ ፈትቼ የተቀመጥኩ ሰው ነኝና በር የተከፈተልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። ስለ ጨፌው ጥቂት ተወራ፤ ምንም ሳይቋጭ ሰው ሊበተን ሲል የተሰመረ ባዶ ወረቀት ሰጡኝና የተገኘውን ሰው ስም ጽፈህ አስፈርም አሉኝ።

አገራችንን ታውቂያለሽ፤ ታላቅ ሳይፈርም ታናሽ አይፈርምም። ስለዚህ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ አባባ ነው። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና፣ «ልጄ፣ አናቱ ላይ ምንም የለውም፤ ራስ በሌለው ወረቀት ላይ ጣት ይታተማል ወይ?» አሉኝ። ሰው ፊት አፈርኩ። «የመጣ ሰው ስም ብቻ ነው፤ እኔ አለሁ አይደል?» አልኳቸው። አውራ ጣታቸውን ሰጡኝ። ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ፣ እታለም። ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀኝም፤ ክንፈ ካተመ ብለው ተከታትለው አተሙ።

በሦስተኛው ወር ጨፌው በሽቦ ታጠረ፤ ለባሕር ዛፍ ተክል ለአንድ ባለሀብት ተሰጥቷል ተባለ። አቤት ልንል ቀበሌ ስንሄድ ወረቀቱን አወጡልን። አናቱ ላይ «እኛ ነዋሪዎች መሬቱ እንዲሰጥ ተስማምተናል» የሚል ተጨምሮበታል፤ ከሥሩ የእኔ የእጅ ጽሑፍና የአባባ ጣት። እትዬ ሀሊማ የሚያበሉት አጥተው ላማቸውን ሸጡ። «ወላሂ፣ እኔ ጣቴን የሰጠሁት ክንፈን አይቼ ነው» ይላሉ። ጥፋቱ የእኔ፣ አንገት የሚደፉት ግን አባባ ሆኑ። ሰንበቴ ላይ ተነስተው መመረቅ እንኳ ትተዋል።

በአንቺ ጉልበት የተማርኩት ትምህርት የት ገባ ብትይኝ እውነት አለሽ። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ዜጋ ተምሬአለሁ፤ ውጤቴም ኤ ነበር። መምህራችን አቶ አምባቸው አንድ ቀን፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ አንድን ሹም «ለምን?» ብሎ የጠየቀ እጁን ያውጣ አሉን። ማንም አላወጣም። «ይህ ግቢ ለምን ማለትን ካላስለመዳችሁ እኔም ግቢውም ደሞዛችንን በከንቱ በላን፤ መብታችሁን የሚነጥቃችሁ ሰው ፈተና አያወጣላችሁም» አሉ። የምሳ ሰዓት አልፎ ስለነበር ዴስክ እየደበደብን አስወጣናቸው። እኔም ደብድቤአለሁ። ፊደል ያልቆጠሩት አባቴ ለምን አሉ፤ ዲግሪ የያዝኩት እኔ ዝም አሰኘኋቸው።

አቶ አምባቸውን ፍለጋ ሄጄ ነበር። አልተቆጡኝም። አቤቱታውን አብረን ጻፍን፤ ወረቀቱ ባዶ እንደነበር እኔው ምስክር ሆኜ ፈርሜበታለሁ። እስካሁን መልስ የለም። ከዚህ ሁሉ የሚብሰኝ ግን አባባ ወረቀት ለእኔ ማሳየት መተዋቸው ነው። ድሮ የመድኃኒት ብልቃጥ እንኳ አንብብልኝ ይሉኝ ነበር። አሁን የጎረቤታችን ልጅ ሰርካለም ጎልማሶችን ከምታስተምርበት ክፍል ገብተው ፊደል ይቆጥራሉ። እኔ ላስተምርዎ ብላቸው፣ «ይቅር፣ አንተ ይደክምሃል» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፣ እታለም።

እምዬ የኔአለም «ሳልሞት ዓይንሽን ያሳየኝ» ትላለች። ታናሻችን አበቡ በላክሽላት ሻሽ ስትኩራራ ቤት አልበቃትም፤ ትስምሻለች። እትዬ ሀሊማ ተቀይመውንም ቢሆን ለአንቺ ዱዓ ያደርጋሉ። አባባም ሰላምታቸውን እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ ብለውኛል፦ ጤናሽን ጠብቂ፤ ያልገባሽ ወረቀት ላይ አትፈርሚ። ላሽገው ስል ግን፣ «ለሰርካለም ስጣት፤ ስታነብልኝ ከሰማሁ በኋላ ስሜን እጽፍበታለሁ» አሉ። አንቺ ብቻ እንድታነቢው የጻፍኩትን ሁሉ ሊሰሙት ነው። አንድ ቃል ሳልፍቅ እንዳለ እሰጣታለሁ።

ወንድምሽ ይሄነው
መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 9 ቀን 2012 ዓ.ም.

ሰማሁ።
ክንፈ