ደብተሩን አላቃጥልም

መቱ፣ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.። ዛሬ ጠዋት ሦስት እንስራ ማር ቤቴ ገባ።

ልጄ ሻሽቱ፣ እመ ብርሃን በባዕድ አገር ከለላ ትሁንሽ። እኔ ደኅና ነኝ። «የሚያስመሰግንሽን ማታ ማታ ጻፊ፤ ልብሽ ያርፋል» ብለሽ ስለላክሽብኝ ደብተር ይዣለሁ። ሁሩሙ ስላሉት ቀፎዎቼ ተመስገን ብዬ በጻፍኩ ማግስት ግን ካንዱ ንቡ ኮበለለ። ጎረቤታችን እትዬ ሙላቷ ይህን ሰምተው መጡ።

«ጸጋ ሲቆጠር ይሸሻል፤ ደብተሩን አቃጥዪው» አሉኝ።

«የሻሽቱን አባት መቼ ቆጥሬው አውቃለሁ? እሱም ሞተብኝ እኮ፣ እትዬ።»

ያን ማታ አባትሽን በስሙ ጻፍኩት፤ አብሮኝ ስለኖረ ተመስገን አልኩ። ቀፎውም አልተሰበረም ብዬ ጨመርኩ። እንቅልፍ ወሰደኝ።

አንቺም ማንም ቢያስፈራራሽ መጻፍሽን አትተዪ። ፎቶግራፍሽንም ላኪልኝ። በሰላም ወጥተሽ በሰላም ግቢ።

ነገ ሁሩሙ ሄጄ ባዶውን ቀፎ፣ ሌላ ንብ እንዲገባበት፣ በጭስ አጥኜ መልሼ አሰቅላለሁ።