ሳንባዬን ያየሁበት ቀን

ለውድ እትዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ? ባለቤትሽስ ሥራው እንዴት ይዞታል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እንደ ሁልጊዜው የአፍ ወግ እንዳይመስልሽ፤ ብዙ ሰው የለፋበት ደህንነት ነው። አምስት ወር ሙሉ የደበቅሁሽን ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ነው። ቁጣሽን አውቀዋለሁ፤ እባክሽ መጀመሪያ አንብበሽ ጨርሺና ስድቡን በስልክ ታደርሺኛለሽ።

የአንድ ትምህርት ቤት የውሃ መስመር ስንቀይር ሳል ያዘኝ። ብርድ ነው ብዬ ሁለት ወር አስታመምኩት። ባለቤቴ ግን "ወይ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ፣ ወይ ከነሳልህ ሳሎን ትተኛለህ" አለችኝ። ሳሎን ሁለት ሌሊት ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን መሐረቤ ላይ የስፌት ክር የምታህል ደም አየሁና እግሬ ራሱ ሐኪም ቤት ወሰደኝ።

ራጅ አነሱኝ፣ ቀጥሎ ሲቲ ስካን። የሳንባ ሐኪሟ ገና ወጣት ናት። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችውና ደረቴን ከውስጥ አሳየችኝ። እትዬ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ! ከጉሮሮዬ የወረደው አንድ ቧንቧ ለሁለት ይከፈላል፣ ሁለቱ ደግሞ ይከፋፈላሉ፤ እየቀጠኑ፣ እየቀጠኑ ፀጉር ያህላሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ቧንቧ ስዘረጋ እንዲህ ያለ አዘረጋግ አላየሁም። አንድ ትርፍ መታጠፊያ የለው፣ አንድ የሚያፈስ መጋጠሚያ የለው! እኔ ከሰው ቤት ሰው ቤት ስዞር ይህ ሁሉ ውስጤ ሆኖ አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንኩትም። አፌን ከፍቼ ቀርቼ ስለነበር በቀኝ በኩል ያለችውን የወይን ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር ያየሁት ሐኪሟ በጣቷ ስትነካት ነው።

ምንነቷ በፎቶ ብቻ አይታወቅም፣ ቅንጣት ተወስዶ መመርመር አለበት አለችኝ። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በጉሮሮዬ እንደሚገባ ስትነግረኝ ሳቄ መጣ። "ዶክተር፣ ይሄማ የእኔ ሥራ ነው፤ የተደፈነ መስመር ሲገጥመን እንዲሁ ነው የምናደርገው" አልኳት። "እንግዲያው የሥራ ባልደረቦች ነን" አለችኝ።

ውጤቱ በዘጠነኛው ቀን መጣ። ሳትሸፋፍን በስሙ ጠራችው፤ ካንሰር። ባለቤቴ ጥያቄዎቿን የምትጽፍበት ደብተር ላይ እስክሪብቶዋ ቆመ። እኔ እንደሚሟገት ሰው "ሲጋራ በአፌ ዞሮ አያውቅም እኮ!" አልኩ። የማያጨስንም ይይዛል አለችን። "ጥፋተኛ አንፈልግም፤ የምንፈልገው መንገድ ነው።"

መንገዱን ለማወቅ ግን በሽታው የት እንደደረሰ መታወቅ ነበረበት። ጭንቅላቴን፣ አጥንቴን፣ ጉበቴን ሁሉ ፈተሹ። ሳንባው አጠገብ ካለች አንዲት ዕጢ አላለፈም፤ ሁለተኛ ደረጃ ነው አሉን። ከዚያ ሐኪሟ ወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችን። ቀዶ ጥገና አለ፤ ቀዶ ጥገና ለማይችል ጨረር አለ። በደም ሥር የሚንጠባጠብ መድኃኒት አለ። የሰውነትን የገዛ ዘበኞች በሽታው ላይ የሚቀሰቅስም አለ፤ ካንሰሩ የተለየ ምልክት ካለው ደግሞ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን። ለሁሉም ሰው አንድ ልብስ አይሰፋም አለች። ባለቤቴ ከደብተሯ ቀና ብላ "ወንድምዎ ቢሆን ምን ይመክሩታል?" ብላ ጠየቀቻት። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና "ቀዶ ጥገናውን፤ ውሳኔው ግን የእሱ ነው" አለች። እኔም ወሰንኩ።

የቀኝ ሳንባዬን የታችኛውን ክፍል አወጡት። ስነቃ መጀመሪያ የተሰማኝ አየር ሲገባ ነው። አመመኝ፤ ግን ገባ! የቀረው ሳንባ ቀስ በቀስ እየተለጠጠ ባዶውን ቦታ ይሞላዋል አሉኝ። ማን አዘዘው እትዬ? ማን አስተማረው? አሁን ሳንባዬን ለማለማመድ በሰጡኝ ቱቦ ውስጥ ትንሽ ኳስ በትንፋሼ ሽቅብ አነሣለሁ፤ በሦስተኛው ሙከራ እንደ ሕፃን አጨበጨብኩ። የሚንጠባጠበው መድኃኒት ሰኞ ይጀመራል። ምልክቱም ስለተገኘ ከእሱ በኋላ ኪኒኑን እውጣለሁ። ይድናል ብላ አልማለችልኝም፤ ግን ተስፋው ጥሩ ነው ብላኛለች።

አንድ ነገር ቀረኝ። ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ የቤተሰብ በሽታ ስትመዘግብ እናቴ ሳንባዋን ያማት እንደነበር ጠየቀችኝ። እማማን ከቀበርን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ፤ ሞታለች አልኳት እንጂ በምን እንደሞተች በደንብ አላውቅም። አንቺን እንዳላስደነግጥ ብዬ ለአክስታችን ደወልኩ። "እናቴን ሳንባዋን ያማት ነበር?" ስላት እየተጣደፈች "ኧረ እናትህን ምን ነክቷት! እሑድ ደውላልኝ ስንስቅ አልነበር እንዴ!" አለችኝ። ከዚያ ድስቴ አረረ ብላ ዘጋችው።

እሑድ እሑድ ለአክስታችን የምትደውለው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ አንቺ።

ከአንቺ በአሥራ ሰባት ዓመት እንደማንስ ሁልጊዜም አውቃለሁ። ቆጥሬው ግን አላውቅም ነበር። ትንሽ ተናደድኩ፣ አልዋሽሽም። ከዚያ ሕፃን የታቀፈች አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ዓይኔ ላይ ድቅን አለችብኝ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ደረቱ ውስጥ ይዞ አርባ አምስት ዓመት እንዴት ይተነፍሳል?

በማግስቱ ለሐኪሟ "እናቴ በሕይወት አለች፤ ሳንባዋም ጤነኛ ነው" አልኳት። "ሞተዋል አላሉኝም ነበር?" አለች። ተሳስቼ ነው አልኳት። ሰርዛ ጻፈችው።

ዕድሜሽን ያርዝመው። ቤትሽ ሰላም፣ ልጆችሽ ጤና ይሁኑ። እኔንም በጸሎትሽ አትርሺኝ፤ የአንቺ ጸሎት ከማንም ይልቅ እንደሚቀርበኝ አሁን ገብቶኛል።

ሌላ እስክትይኝ ድረስ፣
ታናሽ ወንድምሽ